ከሱቅ ጭማቂ ወይን መጣል፣ አሶሳ ላይ ሆኖ

ከሱቅ በተገዛ የካርቶን ጭማቂ ጥሩ ወይን ይወጣል። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ይህንኑ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ መልሱን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ረዘም ይላል። ቢሆንም ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ መሃል ላይ ስለ ጠርሙስ የምጽፈው የደኅንነት ጉዳይ ነው።

አሶሳ ላይ የወይን ዘለላ ማግኘት ከባድ ነው። የሀገራችን ትልልቅ የወይን እርሻዎች ያሉት በስምጥ ሸለቆ በኩል ነው። ካስትል የተባለው የወይን ጠጅ ኩባንያ ዝዋይ ላይ ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር። ከዚያ እስከ እኛ ያለው መንገድ ሩቅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ብቻ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ ከ650 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የበሰለ ወይን በጭነት መኪና ላይ ይህን ሁሉ መንገድ አይችልም። የታሸገ ጭማቂ ግን ይደርሳል። ከተማችን ውስጥ ደህና ሱቅ ከገባችሁ የአፕል፣ የማንጎ፣ የብርቱካን፣ አንዳንዴም የቀይ ወይን ጭማቂ መደርደሪያ ላይ ታገኛላችሁ።

«የፋብሪካ ጭማቂ እንዴት ይፈላል?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ጭማቂ ዝም ብለው ቢተዉት በራሱ ጊዜ ይፈላል። እንዳይፈላ ያደረገው ሰው ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ወይን ጠጅን ሞቅ ማድረግ ከመበላሸት እንደሚያድነው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1869 ደግሞ ቶማስ ብራምዌል ዌልች የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ያንኑ ዘዴ በወይን ጭማቂ ላይ ሞከረው፤ የፈለገው ለቁርባን የሚሆን የማያሰክር ወይን ነበር፣ ተሳካለትም። ዛሬ በካርቶን የምንገዛው ጭማቂ የዚያ ሙከራ ዘር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በከለከለችበት ዘመንም ነጋዴዎች የደረቀ የወይን ጭማቂ እንደ ጡብ አድርገው ይሸጡ ነበር። በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ለሳምንታት እንዳይቀመጥ፣ ከተቀመጠ ወይን ጠጅ እንደሚሆን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍም ይለጠፍበት ነበር።

ፋብሪካው ጭማቂውን ሲያሞቅ የሚገድለው እርሾውንና ባክቴሪያውን ነው፤ ስኳሩ እንዳለ ይቀራል። የእኛ ሥራ እርሾውን መመለስ ብቻ ነው። ለጀማሪ የካርቶን ጭማቂን ከትኩስ ፍሬ አስቀድሜ የምመክረውም ለዚህ ነው፦ ንጹሕ ነው፣ ተጣርቷል፣ የስኳሩ መጠን ደግሞ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ትኩስ ፍሬ ላይ ይህን ሁሉ በግምት ነው የምትሠሩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ካርቶኑን አዙሩት። የምትፈልጉት «100 በመቶ ጭማቂ» የሚለውን ነው። «ኔክታር» የሚለው ውሃና ስኳር የተጨመረበት ነው፤ የማንጎ ኔክታር ሩብ ያህል ብቻ ፍሬ ሊኖረው ይችላል። ይፈላል፣ ወይኑ ግን ስስ ይሆናል። «ድሪንክ» የሚል ከሆነ አብዛኛው ውሃ፣ ስኳርና ማጣፈጫ ነውና መልሱት። ቀጥሎ የይዘት ዝርዝሩን በጥንቃቄ አንብቡ። ፖታሲየም ሶርቤት (ኢ202) ወይም ሶዲየም ቤንዞኤት (ኢ211) ካያችሁ ለወይን አይሆንም። እነዚህ የተጨመሩት እርሾ እንዳይራባ ታስቦ ነው፤ ምንም ያህል እርሾ ብትጨምሩ እምቢ ይላችኋል፣ ወይም ጀምሮ መንገድ ላይ ይቀራል። ሲትሪክ አሲድና ቫይታሚን ሲ ግን ችግር የላቸውም። «አልፈላልኝም» ብላችሁ ከምትጽፉልኝ መካከል የብዙዎቻችሁ ችግር እዚህች ደቃቅ ጽሑፍ ላይ ነው ያለው።

አሁን ወደ ስኳሩ። እርሾ ስኳርን በልቶ አልኮልና አየር ያወጣል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ 17 ግራም ስኳር 1 በመቶ ያህል አልኮል ይሰጣል። ይህን ቁጥር ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ስሌት ነው። የአፕል ጭማቂው ጀርባ ላይ «በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም ስኳር» ቢል፣ በሊትር 110 ግራም አለ ማለት ነው፤ ለ17 ስታካፍሉት 6.5 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይህ የጠንካራ ቢራ አቅም ነው፤ እንደ ወይን ለመቆየት አነስ ይላል። ወደ 11 በመቶ ለማድረስ በሊትር 187 ግራም ያስፈልጋልና የጎደለውን 80 ግራም ገደማ ትጨምራላችሁ። ለአራት ሊትር 320 ግራም፣ ማለትም የአንድ ኪሎ ስኳር ሲሶ ግድም ነው። ከዚህ በላይ አትሂዱ፤ የዳቦ እርሾ 12 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይደክማል፣ የተረፈውም ስኳር ወይኑን ሽሮፕ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ጠጅ ሲጣል አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ይበረዛል። ማር ከመቶው 80 ያህሉ ስኳር ነው። አንድ ኪሎ ማር በሦስት ሊትር ውሃ ስትበርዙ ውህዱ 3.7 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ በሊትር 216 ግራም ስኳር ማለት ነው። ለ17 አካፍሉት፦ ከ12 እስከ 13 በመቶ። እርሾ ሊሸከመው የሚችለው ጫፍ ላይ በትክክል ያርፋል። እናቶቻችን ይህን ልክ ያገኙት ያለ ሚዛንና ያለ ላቦራቶሪ ነው፤ ለዚህ እውቀት ያለኝ አክብሮት በየጊዜው ይጨምራል። ጠጁ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው እርሾ፣ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲያይ የሚባለው፣ ዳቦ የሚያስነሳውም የአውሮፓን ወይን የሚያፈላውም እሱው ነው። ጌሾ ግን ለጭማቂ ወይን አያስፈልግም። ከጨመራችሁበት የፍሬው መዓዛ ይሸፈንና ጠጅ ጠጅ ይላል።

የወይን እርሾ አሶሳ ላይ ስለማይገኝ ዳቦ ጋጋሪዎች የሚጠቀሙበት ደረቅ እርሾ ይበቃናል። ለአራት ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ውሰዱ። ጣት በማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ብርጭቆ ውስጥ ነስንሱት፣ ቁንጥር ስኳር ጨምሩበትና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ላዩ ላይ ክሬም የመሰለ አረፋ ከተነሳ እርሾው ሕያው ነው። ካልተነሳ ጭማቂውን ሳታባክኑ ሌላ እርሾ ግዙ። የአፕል ጭማቂ ለእርሾ የሚሆን ምግብ ያንሰዋል፤ ስለዚህ ሌላ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ በትንሽ ውሃ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ጨምሩበት። የሞተው እርሾ ለሕያው ቀለብ ይሆነዋል። ይህን ሳታደርጉ ቀርታችሁ ጥንስሱ የተበላሸ እንቁላል ከሸተታችሁ እርሾው ተርቧል ማለት ነው፤ በዚህ ምክንያት አትድፉት፣ ሽታው ብዙውን ጊዜ ወይኑ ሲገለበጥ ይለቀዋል። ግማሽ ብርጭቆ ወፍራም የቀዘቀዘ ሻይ ብትጨምሩም ወይኑ ጉሮሮ ላይ የሚይዝ ጣዕም ያገኛል።

ዕቃው የ5 ሊትር የውሃ ሃይላንድ ይሁን። በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት በረኪና አጥባችሁ፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አንድ ጊዜ እጠቡት። አራት ሊትር ጭማቂ ብቻ ጨምሩበት። ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ለአረፋው ነው።

አሁን የጠርሙሱን ነገር ልንገራችሁ፣ በጥሞና አንብቡት። በዚያ አራት ሊትር ውስጥ ያለው 750 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ ወደ 200 ሊትር የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። 200 ሊትር አየር በ5 ሊትር ዕቃ! ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ ከዘጋችሁ ዕቃው ይፈነዳል። ዕቃው የመስታወት ጠርሙስ ከሆነ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ አየሩ የሚወጣበት፣ የውጭው አየር ግን የማይገባበት መንገድ ያስፈልጋል። ቀላሉ ፊኛ ወይም የሐኪም ጓንት አፉ ላይ አጥልቆ ጣቱን በመርፌ አንድ ጊዜ መብሳት ነው። ከዚህ የተሻለው ከፋርማሲ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ መግዛት ነው። ክዳኑን በስታችሁ ቱቦውን አስገቡ፣ ዙሪያውን በሰም ድፈኑ፣ ሌላኛውን ጫፍ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ንከሩት። አየሩ በውሃው ውስጥ እየተንቦለቦለ ይወጣል፣ ዝንብም አይገባም። ያቺ የፍራፍሬ ዝንብ ወይን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጠውን ባክቴሪያ በእግሯ ይዛ ትመጣለች፤ በማንጎ ወራት አሶሳ ውስጥ ዝንብ የሌለበት ቤት ደግሞ የለም።

ማታ የጣላችሁት በማግስቱ ጠዋት ይናገራል። ጆሮ ስትሰጡት ዝናብ ከሩቅ እንደሚመጣ ያለ ስስ ድምፅ አለው። አንገቱ ዙሪያ ቡናማ የአረፋ ቀለበት ይሠራል፣ ጓንቱ ተነስቶ ይቆማል፣ ክፍሉ አፕልና ዳቦ ይሸታል። ሦስተኛው ቀን ላይ ዕቃውን በእጃችሁ ስትነኩት ከክፍሉ አየር ሞቅ ይላል። ይህ የእርሾው ሙቀት ነው።

እንግዲህ የእኛ ከተማ ፈተና እዚህ ላይ ነው። እርሾ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ጥሩ ወይን ይሠራል። ከ30 ካለፈ ይቸኩላል፤ ወይኑም ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ ቀለም ቅብ የሚሸት ይሆናል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ ቀን ላይ ከ30 ማለፍ የተለመደ ነው። ዕቃውን ወለል ላይ፣ ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ሥር አስቀምጡት። እርጥብ ጆንያ ጠቅልሉበትና ጆንያው ሲደርቅ አርጥቡት። ዝናቡ ከገባ በኋላ፣ ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ያለው ጊዜ ግን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ያኔ ምንም ማድረግ አያስፈልጋችሁም።

በሁለት ሳምንት ገደማ መንቦልቦሉ ይቀንሳል፣ አተላውም ይዘቅጣል። ያን ጊዜ አተላውን ሳትነካኩ ላይኛውን ንጹሕ በሆነ ቱቦ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። ሁለተኛው ዕቃ እስከ አንገቱ የሚሞላ ይሁን፤ ከእንግዲህ የወይኑ ጠላት አየር ነው። የአየር መውጫውን መልሳችሁ አድርጉለትና አንድ ወር ከዚያም በላይ ተዉት። ደፍራሹ ቀስ በቀስ ከላይ ወደ ታች ይጠራል። ፍሪጅ ያላችሁ ለጥቂት ቀን ብታስገቡት መጥራቱ ይፈጥናል። መብራት ቢሄድም አይበላሽም።

ወደ ጠርሙስ ከመገልበጣችሁ በፊት በትንሽ ሃይላንድ ሞክሩት። ሞልታችሁ ክደኑት፣ ሙቅ ቦታ አስቀምጡትና በየቀኑ በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉት። ሳምንት ሙሉ እንደለሰለሰ ከቆየ መፍላቱን ጨርሷል። እንደ ድንጋይ ከጠጠረ አልጨረሰምና ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አላሉት፣ ወይኑንም አቆዩት። ጣፋጭ የምትወዱ ስኳሩን ስትጠጡ ብርጭቆው ላይ ጨምሩ። ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ መክደን እንደገና ማፍላት ነው።

ስለ ጣዕሙ የእኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ፣ የቀይ ወይን ጭማቂ ካገኛችሁ ሌላውን ተዉት። ካጣችሁ አፕል። አፕል ንጹሕ፣ ቀለል ያለና ቶሎ የሚጠራ ወይን ይሰጣል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው በእሱ አያፍርም። አናናስ ደህና ነው። ብርቱካንን አልመክርም፤ ስኳሩ ሲያልቅ የሚቀረው መራራነቱና ኮምጣጣነቱ ነው። የማንጎ ካርቶን ሽታው ያስደስታል፣ ግን አይጠራም፣ አብዛኛውም ኔክታር ነው።

ደግሞስ አሶሳ ላይ ተቀምጦ የማንጎ ካርቶን መግዛት ለምን? ይህን ጽሑፍ የጻፍኩበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ማንጎ የሌለው ግቢ በማይታይበት ከተማ፣ የሚያዝያና የግንቦት ማንጎ ከዛፍ ሥር እየበሰበሰ፣ መንገድ ላይ እየተረገጠ ያልቃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳል፣ ዋጋው ይወድቃል፣ ከባምባሲና ከሆሞሻ የሚመጣው ደግሞ ገበያው ላይ ይደራረባል። ሩቅ ለመላክ መንገዱ ረጅም ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ወደ እኛ ደርሶ ፍሬውን ያዥጎረጉረዋል። ልጣጩ ላይ ነጠብጣብ ያለበትን ማንጎ ገዢ አይፈልገውም፤ ውስጡ ግን ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ለወይን የምንፈልገው ውስጡን ነው።

በካርቶን እጃችሁን ካፍታታችሁ በኋላ ወደ ማንጎው ኑ። በደንብ የበሰለ፣ ያልሻገተ ማንጎ እጠቡና ላጡት፤ ልጣጩ አጠገብ ያለው ሙጫ አፍ ያሳክካልና ልጣጩን አትጨምሩ። ሥጋውን ከዘሩ ለይታችሁ ጨፍልቁት። ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 200 ግራም ስኳርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ይበቃል። የማንጎው የራሱ ስኳር ሲታከል ወደ 10 በመቶ ያደርሳችኋል። ሥጋውን አትቀቅሉት፤ ማንጎ ውስጥ ያለው ፔክቲን ሲቀቀል ወይኑ ለዘለቄታው ደፍራሽ ይሆናል። እዚህ ላይ እርሾው በርከት ይበል፣ ቶሎም ይጨመር፤ ትኩስ ፍሬ የራሱን ተሕዋስያን ይዞ ስለሚመጣ የእኛው እርሾ መቅደም አለበት። መጀመሪያ አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ በንጹሕ ነጠላ ሸፍናችሁ ጣሉት። ሥጋው በአየር ተገፍቶ ይንሳፈፋል፤ ጠዋትና ማታ በንጹሕ ማማሰያ ወደ ታች መልሱት። በአራተኛው ቀን በነጠላው አጥልሉትና ቱቦ ወዳለው ዕቃ ገልብጡት። ከዚያ ወዲያ እንደ አፕሉ ነው፣ መቆያው ብቻ ይረዝማል። ቃጫ የሚበዛበት የሀገረሰቡ ማንጎ ለመብላት ያስቸግራል፣ ለወይን ግን መዓዛው ከተሻሻሉት ዝርያዎች ይበልጥብኛል።

አሶሳ ውስጥ የማይጠጣ ሰውም ብዙ ነው። ይህን ለማንም ግፊት አድርጌ አልጽፍም። ለማትጠጡት ያንኑ ማንጎ ቀጭን ቆርጦ በፀሐይ ማድረቅ አለ፤ እሱን ለብቻው እጽፍላችኋለሁ። ለምትጠጡት ደግሞ ጥቂት ነገር ልጨምር። ይህ ወይን የቤት ነው። ለሽያጭ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ነፍሰ ጡር አትቅመሰው፣ መኪናም ሆነ ባጃጅ የሚነዳ አይጠጣ። ከዚህ ጥንስስ አረቄ ለማውጣት ደግሞ በጭራሽ አትሞክሩ። ፍሬ ሲፈላ ሜታኖል የሚባል መርዝ በጣም በጥቂቱ ይፈጠራል። ወይኑ ውስጥ ባለበት መጠን አይጎዳም፣ በእሳት ሲነጠር ግን ይሰበሰባል። ላዩ ላይ ሻጋታ ያበቀለውንም ሳትቀምሱ ድፉት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ በአራት ሊትር የአፕል ጭማቂ ጀምሩ፣ ከዚያ አትብለጡ። ጭማቂውን ገዝታችሁ ከመክፈታችሁ በፊት የካርቶኑን ጀርባ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ኢ202 ወይም ኢ211 እንዳለበት፣ ስንት ስኳር መጨመር እንዳለባችሁም አይቼ እነግራችኋለሁ።